ጆንስን እርሱት፣ እርሻውን ፈልጉ

ዌልስ ውስጥ የአንድ ጆንስን የዘር ሐረግ ለመቁጠር ከተነሳችሁ፣ የመጀመሪያው ምክሬ ጆንስ የሚለውን ስም ለጊዜው እርሱት ነው። ስሙ ብዙም አይናገርም። የሚናገሩት ዲኤንኤውና የእርሻው ስም ናቸው።

ባለቤቴ ጆንስ ነው፤ የካርዲፍ ልጅ። ልጆቻችን በእኔ ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አባቴ በስልክ አስጠንቷቸዋል። በአባታቸው ወገን ግን ቆጠራው ቅድመ አያት ላይ ቀጥ ይላል። አማቴ የሚያውቁት «ከሰሜን ነው የመጣነው፣ ድንጋይ ፈላጮች ነበርን» የሚለውን ብቻ ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

የጀመርኩት በ1911 የሕዝብ ቆጠራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የዚያ ዓመት ቆጠራ ጥሩነቱ አባወራው በገዛ እጁ የሞላው ቅጽ መትረፉ ነው። የት እንደተወለደ፣ ዌልሽኛ ይናገር እንደሆነ ሁሉ ሰፍሯል። የአማቴን አያት ሮንዳ ሸለቆ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። የትውልድ ቦታቸው ግን ሰሜን ነው፣ ቤተስዳ አካባቢ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በዚያ አገር ለቤት ክዳን የሚሆን ስስ ድንጋይ የሚወጣበት ትልቁ የፔንሪን ካባ ነበር። ሠራተኞቹ ከ1900 እስከ 1903 ሥራ አቁመው ነበር፤ ያኔ ብዙዎቹ እንጀራ ፍለጋ ወደ ደቡቡ የከሰል ማዕድን ወረዱ። በነገራችን ላይ ቤተስዳ ስሟን ያገኘችው ከጸሎት ቤቷ ነው። እኛ ናዝሬትና ደብረ ዘይት እንዳልነው ዌልሶችም ኔቦ፣ ቀርሜሎስ፣ ኬብሮን ብለው መንደር ሰይመዋል።

ከዚያ ወደ ኋላ ያለው መንገድ ጠበበ። በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ የሁለቱን ተጋቢዎች አባት ስምና ሥራ ስለሚይዝ እስከዚያ ድረስ ይረዳል። ከዚያ በፊት ግን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። በአንድ አጥቢያ ስንት ጆን ጆንስ እንዳለ አትጠይቁኝ።

ስለዚህ ወንዶች ብቻ ወደሚይዙት የዲኤንኤ ክፍል፣ ወደ ዋይ ክሮሞዞም ሄድን። ይህ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ፣ ሳይቀየር ማለት ይቻላል፣ የሚወርድ ነው። እኔም ሴት ልጆቼም የለንም። ባለቤቴ ቢሰጥም ይሆን ነበር፤ ግን አማቴ አንድ ትውልድ ቀደም ይላሉ፣ የዘመድ ዲኤንኤን ከእናትም ከአባትም የሚወረሰውን በሚያየው ሌላ ምርመራ ለማነጻጸርም የሳቸው ይሻላል። ናሙናው ጉንጭን ከውስጥ በመጥረግ የሚሰጥ ነው። ከመላኩ በፊት ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እንዲህ ያለ ምርመራ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ አያት ሊያወጣ ይችላል፤ ሳይነግሩ ሰውን ማስመርመር ነውር ነው። አማቴ ሳቁ። «በዚህ ዕድሜዬ ከጆንስነት ማን ያባርረኛል?» አሉ።

ውጤቱ ኤል 21 የሚባለው የአባት ዘር ቅርንጫፍ ሆነ። በዌልስ ወንዶች ዘንድ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ብቻውን ምንም አይነግርም። እኔ በልቤ ኢ የተባለው ሌላ የአባት ዘር ወገን ቢወጣ ብዬ ነበር። እሱ በአገራችን ብዙ አለ፤ በሰሜን ዌልስ አበርጌሌ ከተማ በተወሰደ ትንሽ ናሙና ውስጥም ሳይጠበቅ በርክቶ ተገኝቷል። ቢወጣም ግን ዝምድናው በብዙ ሺህ ዓመት የሚለካ ነበር።

ዋናው ነገር የተመሳሳዮቹ፣ ማለትም ዋያቸው ከአማቴ ጋር የሚቀራረብ ሰዎች፣ ዝርዝር ነው። ቅርብ ተብለው የመጡት ጆንስ አይደሉም። ዊልያምስ፣ ኢቫንስ፣ ፕሪቻርድ ናቸው። እንግሊዛዊ ቢሆን አንድ ቦታ አባት ተቀይሯል ብሎ ይደነግጥ ይሆናል። ሐበሻ ግን አይደነግጥም። ዌልሶችም እንደኛ በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። አፕ (ወይም አብ) ማለት በዌልሽኛ የእገሌ ልጅ ነው። አፕ ሪስ ፕራይስ ሆነ፣ አፕ ሃወል ፓወል፣ አብ ኦወን ቦወን። ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር ከቀላቀለው ከ1536ቱ የአንድነት ሕግ በኋላ ባለጸጎቹ ቀድመው የእንግሊዝን ቋሚ የቤተሰብ ስም ያዙ። በሰሜን ገጠር ያለው ደሃ ገበሬ ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ።

እንግዲህ አስቡት። ኢቫን ጆንና ዊልያም የሚባሉ ልጆች ወለደ። የጆን ልጆች ጆንስ ተባሉ፣ የዊልያም ልጆች ዊልያምስ። ከዚያ ስሙ በዚያው ረጋ። የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው፣ የቤተሰብ ስማቸው ግን አይገናኝም። በተቃራኒው ሁለት ጆንሶች በአንድ ወንበር ቢቀመጡ ምንም ላይሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ ለተመሳሳዮቹ ስጽፍ የጠየቅኩት የአያቶቻቸውን ስም ሳይሆን እርሻቸውን ነው። ከሁሉም ቅርብ የሆነው ዊልያምስ ፔንስልቬንያ ይኖራል። አያቶቹ የሄዱት ዌልሶች ድንጋይ ይፈልጡባት ወደነበረችው፣ በዌልሷ ባንጎር ስም ወደተሰየመችው ከተማ ነው። እጁ ላይ የቆየ ደብዳቤ ነበረው፤ የእርሻው ስም ተጽፎበታል። ያንን ስም ይዤ አበርስትዊዝ ወደሚገኘው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ገባሁ። ከ1858 በፊት የጸደቁ ኑዛዜዎች በነጻ ይታያሉ። በ1840ዎቹ ገደማ የተሠሩት የአሥራት ካርታዎችም እያንዳንዱን ማሳ ማን እንዳረሰው ያሳያሉ። እርሻው ተገኘ፤ ኑዛዜውም ተገኘ። ተናዛዡ ኢቫን ነው፤ ጆንና ዊልያም የሚባሉ ልጆቹን በስም ጠርቶ ላምና በግ አካፍሏቸዋል።

በመቃብር ድንጋይም አትለፉ። የዌልስ ሴቶች ካገቡም በኋላ ብዙ ጊዜ በአባታቸው ስም ነበር የሚቀበሩት፤ ያ ደግሞ የሚስቲቱን ቤተሰብ በር ይከፍታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዋይ ክሮሞዞም ላይ 37 ቦታ (ምልክት) ብቻ የሚያየው ርካሹ ምርመራ ኤል 21 ላይ ያታልላል። ብዙ ሰው በአጋጣሚ ይመሳሰላል። እኛ ዋይ ክሮሞዞሙን በስፋት ወደሚያነበው፣ ቢግ ዋይ 700 ወደተባለው ምርመራ ከፍ ካደረግን በኋላ ነው ኢቫንሶቹ በጣም ሩቅ መሆናቸው የታወቀው። ይህኛው አዳዲስ ለውጦችን ራሳቸውን ይቆጥራል፤ በአማካይ 80 ዓመት ገደማ ውስጥ አንድ ለውጥ ይገኛል። ዋጋው ግን ቆንጠጥ ያደርጋል።

የቀረን ፕሪቻርዱ ነው። አፕ ሪቻርድ ማለት ስለሆነ የኢቫን አባት ሪቻርድ ሊሆን ይችላል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሰውየው እስካሁን ያለው 37ቱ ብቻ ነው። ከፍ እንዲያደርግ ጠይቄዋለሁ፤ የክፍያውን ግማሽ አማቴ እችላለሁ ብለዋል።