ፕሮፌሰሩ የታጠኑበት ቀን

ሦስት ሳምንት አለፈው። አሁንም ማታ ጋደም ስል ያቺ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ትመጣብኛለች። ትራሴን ነክሼ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።

ጀርመን ለማስተርስ አመልክቼ በኦንላይን ኢንተርቪው ተጠራሁ። ኢሜይሉ 14:00 ይላል። በእነሱ ክረምት እኛ በሁለት ሰዓት እንቀድማለን። 2 ደመርኩ፣ 6 ቀነስኩ፣ 10 ሰዓት ወጣ። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፣ ልክ ነው። ያላሰላሁት፣ 10 ሰዓት በእኛ ግቢ የምን ሰዓት እንደሆነ ነው።

ባጃጁም ቆራሌውም እንዳይረብሸኝ መስኮቱን ጠረቀምኩት። አከራዬን እማማን «ለአንድ ሰዓት እንዳይጠሩኝ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ማን ይጠራሃል» አሉ። እውነትም አልጠሩኝም። ራሳቸው መጡ።

አንድ ሽበታም ፕሮፌሰርና ማስታወሻ የምትይዝ ሴትዮ ነበሩ። ፕሮፌሰሩ «ሚስተር» እያሉ የሚጠሩት አባቴን ነው። አባቴ ሻሸመኔ ሱቁ ውስጥ ነው ያለው። ቢሆንም በእሱ ስም አቤት አልኩ። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ሲጠይቁኝ ነፍሴ መለስ አለች። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ታዲያ እንደ ሻላ ለምን ጨው አልሆነም? ከመሬት በታች ስለሚሰርግ ነው እያልኩ ስፈላሰም በሩ ተከፈተ።

እማማ ናቸው። ብረት ምጣዱ በእጃቸው፣ ቡናው እየጨሰ።

ፊቴ ስር አመጡልኝ። ልማድ ክፉ ነው። በሁለት እጄ ጭሱን ወደ አፍንጫዬ ሳብኩና «እሰይ!» አልኩ። ፕሮፌሰሩን ፊት ለፊት እያየሁ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ይረሳ ነበር። እማማ ስክሪኑ ላይ ሰው አዩ። «ውይ፣ እንግዳ አለህ እንዴ!» ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ምጣዱን ወስደው ካሜራው ስር ደገኑት። እንግዳ ሳያሸትማ አይሆንም! ሴትዮዋ በስክሪኑ በቀኝ በኩል ስለነበረች፣ እሷም እንዳይቀርባት ምጣዱን ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ አዞሩላት። ፍሬው ይንጣጣል። ማይኩ አንዷንም ሳያስቀር ያስተላልፋል። ጥግ ላይ ያለችው የኔ ምስል ነጭ ደመና ሆናለች። መስኮቱ ዝግ ነው። ክፍሌም እንደ ሻላ ናት፣ የገባ አይወጣም።

ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እሳት ነው? ቶሎ ውጣ!»

ላረጋጋቸው ብዬ «ኖ ፕሮብሌም ሰር» አልኩ። «ሺ ኢዝ ኦንሊ ስሞኪንግ ዩ።»

እያጠኑዎት ነው ማለቴ ነበር። ማጠን በእንግሊዝኛ ምንድነው? እስቲ ንገሩኝ። ዓመታት ሙሉ በእንግሊዝኛ ተምረን ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ሃያ ገጽ እንጽፋለን። ግቢያችን ውስጥ በየቀኑ የሚደረገውን ግን በአንድ መስመር መናገር ያስተማረን የለም።

ፕሮፌሰሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ጻፈች። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። አጭር ነበር፣ ሁለት ወይ ሦስት ቃል። ምን ብላ ይሆን?

ብቀበልስ? አብዛኛው የጀርመን መንግሥት ዩኒቨርሲቲ አያስከፍልም ብዬ አባቴን አስፈንድቄዋለሁ። ለቪዛው ግን የዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ ዝግ ሂሳብ ውስጥ አስገባ ይላሉ። ወደ ብር የመነዘርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለአባቴ እስካሁን አልነገርኩትም።

ትናንት 10 ሰዓት ላይ ኢሜይሌን እያየሁ በሩ ተንኳኳ። አሁን ማንኳኳት ጀምረዋል።

«ያ ሰውዬ ዛሬ የለም?»

«የለም እማማ።»

ምጣዱን ወደ እኔ አዞሩት። «በል እንግዲያው፣ የእሱንም አንተ አሽትትለት።»