ጠባቂዋን የጠበቀ አምላክ

የእግዚአብሔር ስም ይባረክ፣ ወገኖቼ።

በጭንቄ ወራት «ከዚህ ካወጣኸኝ አልደብቀውም፤ ለሰው እናገረዋለሁ» ብዬ ለጌታ ቃል ሰጥቼ ነበር። ካወጣኝ ሰነበተ። እኔ ግን የምመሰክረው ነገር ትንሽ እየመሰለኝ ዘገየሁ። ከሞት አፋፍ አልተመለስኩም፤ ዋንጫም አላነሣሁም። ጌታ የሰጠኝ እንቅልፍ ነው። ጣሪያ ላይ አፍጥጦ ሌሊቱን ያላነጋ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል፤ ያነጋ ግን ያውቀዋል። ለእሱ ነው የምጽፈው።

እኔ ግብ ጠባቂ ነኝ። ደመወዝ እየተከፈለኝ፣ ሙያዬ ብዬ ይዤው 11 ዓመት ተጫውቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ያሳለፍኩት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። አጥቂ ቦታዋን ብታጣ በክንፍ ትሞከራለች፤ ተከላካይም አማካይ ትሆናለች። ሁለተኛ በረኛ ግን አንደኛዋ እስክትጎዳ ወይም እስክትሳሳት ድረስ ትጠብቃለች። የእህትሽን ጉዳት ሳትመኚ የራስሽን ቀን መጠበቅ ልብን ክፉኛ ይፈትናል። በየሳምንቱ «ጌታ ሆይ፣ በእሷ ውድቀት እንዳልነሣ አድርገኝ» እያልኩ እጸልይ ነበር። እግዚአብሔር ሰማኝ፤ እሷ በደህና ወደ ሌላ ክለብ ተዛወረች፣ ቦታውም ለእኔ ሆነ።

ከኋላዬ ያለው ጎል 7 ሜትር ከ32 ስፋት፣ 2 ሜትር ከ44 ቁመት አለው። ለወንድም ለሴትም እኩል ነው። «ለሴቶች ይጥበብ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። የበረኞች አሰልጣኝ የሚባል ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘሁት በ19 ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ሌሎቹ ምት ሲለማመዱ እኔ መሐል ቆሜ ኳስ ይለጉብኝ ነበር፤ ሥልጠናዬ እሱ ብቻ ነው። ጎሉን ከማጥበብ ይልቅ ልጃገረዶቹን ገና በ10 ዓመታቸው እንዴት እንደሚወድቁ፣ እንዴት እንደሚነሡ፣ መቼ እንደሚወጡ የሚያስተምራቸው ሰው ይሰጣቸው። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልሆንልሽ ስላለኝ ነው፤ ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንደኛ ተሰላፊ በሆንኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ልምምድ ላይ፣ የማዕዘን ምት ተሻገረ። ዘለልኩ፣ በሁለት እጄ ያዝኩት፣ በግራ እግሬ አረፍኩ። ማንም አልነካኝም። ጉልበቴ ወደ ውስጥ ታጠፈና ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። አጠገቤ የነበረችው ተከላካይ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ እሷም ሰምታዋለች። ኳሱን ግን አልለቀቅኩም። ሳር ላይ ተጠቅልዬ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤዋለሁ። የቡድኑ ሐኪም መጥቶ ሊወስድልኝ ሲል ጣቶቼ አልፈታ አሉ። አንድ በአንድ ነው ያላቀቃቸው።

የፊተኛው መስቀለኛ የጉልበት ጅማት ተበጥሷል ተባልኩ፤ እኛ ተጫዋቾች ኤሲኤል የምንለው ነው። ሴት ተጫዋቾችን ከወንዶቹ እጥፍና ከዚያም በላይ የሚያጠቃ ጉዳት ነው። ከጭኔ ጀርባ ጅማት ተወስዶ ተተካልኝ። ወደ ሜዳ ለመመለስ ቢያንስ 9 ወር ያስፈልጋል አሉኝ፤ ውሌ ላይ የቀረኝ ግን 5 ወር ነበር። ክለቡ አላደሰልኝም። ስሙን አላነሣም፤ ከልቤ ይቅር ብያለሁ። ሐኪሞቹም፣ እግሬን በየቀኑ እያጠፈች ስታስለቅሰኝ የነበረችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋም እጃቸው ይባረክ። በ11ኛው ወር ጉልበቴ ዳነ፣ አነስ ያለ ክለብም ተቀበለኝ። «ጌታ ፈወሰኝ» ብዬ ያን ጊዜም መስክሬያለሁ። የባሰው ከዚያ በኋላ እንደሚመጣ አላወቅኩም ነበር።

ጉልበቴ ዳነ እንጂ እኔ አልዳንኩም። ተሻጋሪ ኳስ ሲመጣ እግሬ ከጎሉ መስመር አልነቃነቅ ይለኝ ነበር። አየዋለሁ፣ ወጥቼ ልይዘው የሚገባ የእኔ ኳስ እንደሆነ አውቃለሁ፣ «የኔ!» ብዬ መጮህ እንዳለብኝም አውቃለሁ። ግን አፌ ይደርቅና መስመሩ ላይ እንደተተከልኩ እቀራለሁ። ለሰው የማይታይ ፍርሃት ነው። ተመልካቹ ተከላካዮቹን ይሳደባል፤ ተከላካዮቹ እኔን ያዩኛል፤ እኔ ጓንቴን አያለሁ።

በዚህ ሁኔታ አንድ የውድድር ዘመን ተገፋ። ከዚያ የጥሎ ማለፉ ግማሽ ፍጻሜ መጣ። መደበኛው ሰዓት አልቆ ወደ መለያ ምት ሄድን። ወሳኟን አምስተኛ ምት ወደ ግራዬ ተወርውሬ አዳንኳት። ጓደኞቼ እየጮኹ ወደ እኔ ሲሮጡ ፊሽካው ሲነፋ ሰማሁ። ረዳት ዳኛዋ ባንዲራዋን አንሥታለች። ኳሱ ሲመታ ከሁለት አንዱ የበረኛዋ እግር መስመሩን መንካት፣ ከመስመሩ ትክክል ወይም ከኋላው መሆን አለበት። የእኔ ሁለቱም ወጥተዋል። ዓመቱን ሙሉ ከመስመር አልወጣም ያለው እግሬ መውጣት በሌለበት ቀን ወጣ። ምቱ ተደገመ፤ ገባ፤ ወደቅን።

የተባልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። አንዳንዱ በስልክ፣ አንዳንዱ በጽሑፍ፣ አንዳንዱም በገዛ ጓደኞቼ ዝምታ ደረሰኝ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ። ኳሱ ከ11 ሜትር ተመትቶ ጎሉ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፤ እኔ ያቺን ግማሽ ሰከንድ ሌሊቱን ሙሉ እመላለስባታለሁ። ዓይኔን ስከድን ባንዲራው ይነሣል። ለአፍታ ሸለብ ሲያደርገኝ እግሬ ይወራጭና ያነቃኛል። ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥር ሰዓት፤ የሌሊቱን ሰዓት ሁሉ በየድምፁ ለየሁት። ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ከስድስት ኪሎ በላይ ከሳሁ። ጸሎቴም ተበላሸ። «ቀጣዩን ጨዋታ አሸንፍልኝ፣ አፋቸውን ዝጋልኝ» ብቻ ሆነ። በኋላ እሱንም ተውኩት። በአንዷ ሌሊት ባልነቃስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በግልጽ የምናገረው።

እናቴን የጠራኋት በማግስቱ ነው። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ «እማዬ፣ ነይልኝ» ብቻ አልኳት። መጣች። እናቴ ስለ እግር ኳስ የምታውቀው ነገር የለም። ለምን ሌሎቹ ሲሮጡ እኔ ብቻዬን እንደምቆም አንድ ቀን ጠይቃኝ ታውቃለች። የዚያን ምሽት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ መጸለይ ጀመረች። ጩኸት የለውም፤ መንገድ የደከማት ሴት ድምፅ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በላዬ ላይ የምትጸልየውን መዝሙር 121ን በራሷ አፍ ታዞረዋለች፦ «ልጄን የምትጠብቃት አንተ አትተኛም፣ አታንቀላፋም። መውጫዋን መግቢያዋን የምትጠብቅ አንተ ነህ።»

ይህን ቃል ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ሌሊት ግን «ጠባቂ» የሚለው ቃል ላይ ልቤ ቆመ። 11 ዓመት ሙሉ ሰው የሚጠራኝ በዚህ ስም ነው። ተጠባባቂ ነበርኩ፣ ጠባቂ ሆንኩ፤ የሚጠብቀኝ እንዳለ ግን ረስቼ ነበር። «መውጫዋን» ስትል ደግሞ አለቀስኩ፤ መውጣት ያቃተኝ እኔ ነኝና።

እናቴ ዕንባዬን በመዳፏ ጠረገችው። «ልጄ፣ እሱ ነቅቷል» አለችኝ። «አንቺ ተኚ። ሁለታችሁም ነቅታችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

ተኛሁ። ወገኖቼ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስነቃ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ነበረች። እናቴ በተቀመጠችበት አንገቷን ደፍታ አሸልባለች፤ እጇ ግን እግንባሬ ላይ ነው። ክንዷ ደንዝዞባት ለማንሣት እስኪያቅታት ድረስ እዚያው ነበር ያደረችው። እኔ እያሸሁላት፣ እሷ እየሳቀች፣ ሁለታችንም ጌታን አመሰገንን።

ፍርሃቱ በአንድ ሌሊት ጥሎኝ ጠፋ አልልም፤ ውሸት ይሆንብኛል። የተመለሰልኝ እንቅልፉ ነው። እንቅልፍ ሲመለስ እውነቱን ለመናገር ጉልበት አገኘሁ። በሳምንቱ የበረኞች አሰልጣኛችንን ለብቻው ጠብቄ «አሰልጣኝ፣ ከጉዳቴ ወዲህ መውጣት እፈራለሁ» አልኩት። ጓንት እየሰበሰበ ነበር፤ አስቀመጠው። «አውቃለሁ፤ እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሎቹ ሲሄዱ እኛ እንቀራለን። መጀመሪያ ኳሱን በእጁ ወርውሮ ብቻ፣ ቀጥሎ በግራ እግሬ ሳላርፍ፣ በመጨረሻ በግራ እግሬ እያረፍኩ። የሥነ ልቦና ባለሙያም ዘንድ ሄጃለሁ። ጸሎትና ሕክምናን የሚያጣሉ ወገኖች አሉ። እኔ ግን ሁለቱንም ከአንድ እጅ ነው የተቀበልኩት። እንደ እኔ ሌሊቱ የከበዳችሁ፣ በተለይ ያ የነገርኳችሁ ሐሳብ የመጣባችሁ፣ ለብቻችሁ አትቆዩ። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ።

በዚያው ክረምት የሴቶች የዓለም ዋንጫ ነበር፣ እ.ኤ.አ. 2023። ናይጄሪያና ካናዳ ሲጫወቱ በቴሌቪዥን እያየሁ ነው። የናይጄሪያዋ በረኛ ቺያማካ ናዶዚ እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ዋንጫ ላይ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለች የደረሰባትን አስታውሳለሁ። የፈረንሳይዋ ዌንዲ ሬናርድ የመታችው ፍፁም ቅጣት ምት ቋሚውን ነክቶ ወጣ፤ ናዶዚ ግን ቀድማ ከመስመሩ ወጥታለች ተባለና ምቱ ተደገመ፤ ሁለተኛው ገባ፤ ናይጄሪያም 1 ለ 0 ተሸነፈች። እንደ እኔው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ እሷን ያየው ዓለም ሁሉ ነው። አሁን ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠባት። ኳሱ ላይ የቆመችው በአገር ግጥሚያ 190 ጎል ያላት፣ በወንድም በሴትም የሚተካከላት የሌለ ክሪስቲን ሲንክሌር ናት። እኔ የማየው የናዶዚን እጅ አይደለም፤ እግሯን ነው። ጠበቀች፣ ተወረወረች፣ አዳነችው። 0 ለ 0 ተለያዩ። መሬት ላይ ተቀምጬ አነባሁ። ያ ለእሷ ብቻ የተደረገ አልመስልሽ አለኝ፤ «ያልሽበት ቦታ የመጨረሻሽ አይደለም» የሚል ድምፅ ሆኖ ነው የገባኝ።

የራሴ ቀን የመጣው በአዲሱ የውድድር ዘመን ሦስተኛ ጨዋታ ላይ ነው። ፍፁም ቅጣት ምት አልነበረም፤ መለያ ምትም አልነበረም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከቀኝ በኩል አንድ ተሻጋሪ ኳስ መጣ፣ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሩቁ ቋሚ እየታጠፈ። ሁለት አጥቂዎች ገብተዋል። እግሬ ከመስመሩ ሲነሣ አወቅኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። «የኔ!» የሚለው ጩኸት ከእኔ መውጣቱን የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው። ዘለልኩ። የአንዷ ትከሻ ጎኔን መታኝ። ኳሱ ጓንቴ ላይ ጥብ አለ፤ ወደ ደረቴ ሳብኩት፤ በግራ እግሬ አረፍኩ።

ጉልበቴ ቆመ።

ማንም አላጨበጨበም። ተራ ኳስ ናት፤ ማንኛዋም በረኛ ትይዛታለች። እኔ ግን ኳሷን አቅፌ ተንበርክኬ ለአፍታ ቀረሁ፤ ዳኛዋ «ልቀቂ፣ ቀጥይ» እስክትለኝ ድረስ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። በዚያች ደቂቃ ግን ሦስት ዓመት ያህል የታሰርኩበት ነገር ከእግሬ ሲወድቅ ተሰምቶኛል፤ ለዚህ ክብሩን ጌታ ይውሰድ።

መልበሻ ክፍል ገብቼ ጓንቴን ሳላወልቅ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ወጣሁ!» አልኳት።

«ከየት?» አለችኝ ደንግጣ።

«ከመስመሩ። ኳሱን ያዝኩት።»

ነገሩ እንዳልገባት ከዝምታዋ አወቅኩ። ትንሽ ቆየችና «እሱስ ይሁን፤ ትናንት ማታ ተኝተሻል?» አለችኝ።

«ተኝቻለሁ፣ እማዬ።»

«እሰይ» አለች። «ተመስገን።»