ካፓሲተር መብራት ያጠፋል?

ሦስት ክፍል፣ ሦስት አሮጌ የጣሪያ ፋን። ሁሉም ከሥራቸው አምፖል አላቸው፤ ሁሉም በሰንሰለት የሚሳቡ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ሳይነሱ ፋኑንም መብራቱንም በሪሞት ማዘዝ ፈለጉ። ይህን የሰማችው ሒሳብ ሠራተኛ "የኔስ?" አለች። የስብሰባው ክፍልም ተጨመረ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው አልኳቸው። እውነትም በግማሽ ቀን ጨረስኩት። ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ሥራውን የሠራ ያውቀዋል። ብሬከር ታወርዳለህ፤ ወርዷል ብለህ ግን አታምንም፣ በቴስተር ትነካለህ። ኮርኒሱ ላይ የተለጠፈውን የፋኑን ክዳን ትፈታለህ። የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን ሳጥን፣ ሪሲቨሩን፣ ከመስቀያው ብረት አጠገብ ትሸጉጣለህ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ይህችኛዋ ነገር ናት ላብ የምታስወጣው። ከላይ የሚመጣው ላይን፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ እና መመለሻው ኒውትራል ወደ ሪሲቨሩ ይገባሉ። ከሪሲቨሩ ደግሞ አንዱ ለሞተር፣ አንዱ ለመብራት፣ አንዱ የጋራ ኒውትራል ሆኖ ይወጣል። ቀጭኗን የአንቴና ሽቦ ብረቱ ሥር አትቀብራትም።

ሰማያዊዋ ሽቦ ላይ ግን ስንቱ ወድቋል። በብዙ ሪሲቨሮች ላይ ሰማያዊ ማለት የመብራቱ መስመር ነው። ከኮርኒሱ የሚወርደው ሰማያዊ ደግሞ ኒውትራል ሊሆን ይችላል። ቀለም ከቀለም አመሳስሎ የገጠመ ሰው፣ የመብራቱን ቁልፍ ሲጫን ሪሲቨሩን ይሰናበታል። እኔ አልወደቅኩም። እንዲያውም ያንን ስላለፍኩ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ሕንፃው የራሱ የጥገና ሠራተኛ አለው። ጋሼ እንላቸዋለን። ሥራው ለእሳቸው ሳይሰጥ ለእኔ መሰጠቱን እንዳልወደዱት ለማወቅ ፊታቸውን ማየት በቂ ነበር። መሰላሉ ሥር ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩኛል።

"ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አየኸው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ፋን ስሰቅል እኮ የመጀመሪያዬ አይደለም።"

"እሱማ አይደለም" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ጋሼ ዝም ካሉ ነገር አለ።

በነገራችን ላይ፣ ክዳኖቹን ስፈታ ያገኘሁት ሌላ ጉድ ነው። ሽቦዎቹ በማገናኛ አልታሰሩም። እንዲሁ ተጠማዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል፤ ናስትሮውም ደርቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፋል። በሦስቱም ክፍል እንደዚያው። ማን እንደሠራው አልጠየቅኩም። ሕንፃው ያለው የጥገና ሠራተኛ አንድ ብቻ ነው።

አንዱን ክፍል ጨረስኩ፣ ሞከርኩ፣ በግድግዳው ማብሪያ አጥፍቼ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ሁለተኛውን ጨረስኩ፣ ሞከርኩ፣ አጠፋሁ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ሰንሰለቶቹን አልረሳሁም። ሪሲቨሩ ሰንሰለቱ ከተተወበት በላይ ማዘዝ አይችልም፤ ስለዚህ የፋኑ ሰንሰለት ከፍተኛው ፍጥነት ላይ፣ የመብራቱም "በራ" ላይ ሆኖ መቅረት አለበት። ሥራ አስኪያጁ ክፍል ግድግዳው ላይ የነበረውን የብርሃን መቀነሻ ዲመርም አውጥቼ ተራ ማብሪያ አደረግኩ፤ ከሪሲቨር በፊት ዲመር አይቀመጥም። ሁሉም ሠራ። ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ፋን በራሱ ጊዜ ይጠፋል" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "መብራቱም እንደዚያው። አሁን ስፈርም ጠፋብኝ።"

ሳላይ መለስኩላቸው። "ፋኑ አሮጌ ነው፣ ካፓሲተሩ ደክሟል።" እንዴት ባለ እርግጠኝነት እንደተናገርኩት ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ካፓሲተር የሚለው ቃል ደንበኛ ላይ የሚሠራው ተአምር አለ። ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም በአክብሮት ይቀበለዋል። ሥራ አስኪያጁም "አሃ፣ ካፓሲተሩ!" አሉ፣ ድሮም እንደጠረጠሩት ሁሉ።

ሄጄ ቀየርኩት። በሪሞቱ አሥር ጊዜ አበራሁ፣ አጠፋሁ። ምንም አላለም። ሒሳብ ሠራተኛዋ በዚያ ቀን ባንክ ሄዳ፣ ክፍሏን ዘግታ፣ ማብሪያዋን አጥፍታ እንደነበር ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ተደወለ። አሁን ድምፃቸው ውስጥ "ወንድሜ" የሚለው ቃል የለም።

መሣሪያዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ሒሳብ ሠራተኛዋ በሯ ላይ አስቆመችኝ።

"የኔንም እይልኝ" አለች። "የኔ መብራት እሳቸው ሲገቡ ይጠፋል፣ እሳቸው ሲወጡ ይበራል።"

ሳቅኩ።

"አትሳቅ። ቆጥሬዋለሁ። ጠዋት ጫማቸው ኮሪደሩ ላይ ይሰማኛል፣ በሩ ይከፈታል፣ ከዚያ ጨለማ። እኔ ደግሞ አበራዋለሁ። ወዲያው ይጠፋል። እንደገና አበራዋለሁ። ትናንት አምስት ጊዜ ተመላልሰናል።"

"ማንና ማን?"

"እኔና መብራቱ።" ትንሽ አሰብ አደረገችና ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ ቀጠለች። "እውነቱን ልንገርህ? ሥራ ቀንሺ፣ ሂጂ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ትናንት ፋኑ ብቻውን ሦስት ላይ ተነሥቶ ደረሰኙን ሁሉ ሲበትንብኝ፣ በቃ እየገፉኝ ነው አልኩ።"

እንግዲህ ይህችን ሴት ልብ በሉልኝ። ሰዓቱን፣ ቅደም ተከተሉን፣ የፍጥነቱን ቁጥር ሳይቀር ነግራኛለች። በሥራዬ ዘመን ብልሽትን እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ደንበኛ የለም። እኔ ምን አደረግኩ? የቢሮ አሉባልታ ነው ብዬ አለፍኩት። "የአንቺም ካፓሲተር ሳይሆን አይቀርም" አልኳት። አዎ፣ ብያለሁ።

ጋሼ ከየት እንደመጡ አላውቅም። ከኋላዬ ድምፃቸው ብቻ ተሰማኝ።

"ካፓሲተር መብራት ያጠፋል?"

ዞር አልኩ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ነው። ካፓሲተሩ የሞተሩ ነው። ሲደክም ፋኑ ይንቀራፈፋል፣ ወይ እያጉረመረመ መነሣት ያቅተዋል። አምፖሉን ምን አገናኘው? ይህን ለጀማሪ ልጆች ራሴ አስተምራለሁ። አፌን ከፍቼ ቆምኩ፤ የሚወጣ ነገር የለም።

ጋሼ አልጠበቁኝም። ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገቡ፣ ከጠረጴዛው ላይ ሪሞቱን አነሡ፣ የመብራቱን ቁልፍ አንድ ጊዜ ጫን አደረጉ።

"ኧረ በናታችሁ!" የሚል ጩኸት ከጎን ክፍል መጣ።

ጋሼ ሪሞቱን በቦታው መለሱት፤ በጥንቃቄ፣ እንደ ሰው ዕቃ። "ወረቀቱ ላይ አለ" አሉና ወጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት ባብዛኛው በማይታይ ብርሃን ስለሚሠራ ግድግዳ ያግደዋል። የኔዎቹ የፋን ሪሞቶች ግን የሬዲዮ ናቸው። 433 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ የቢሮ ግድግዳ ለነሱ ምንም አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሪሞት ከራሱ ሪሲቨር ጋር ብቻ እንዲግባባ ኮድ ይሰጠዋል። ባትሪው ሥር አራት ጥቃቅን ጥርሶች አሉ። አራት ጥርስ፣ እያንዳንዱ ላይ ወይም ታች፣ ድምሩ 16 ዓይነት አሰላለፍ። ሪሲቨሩም ላይ ያው አራት ጥርስ አለ። ሦስቱም ካርቶን ውስጥ ጥርሶቹ የተደረደሩት አንድ ዓይነት ነበር። እኔ ደግሞ አልነካኋቸውም። አንዱን ስሞክር ሌላውን በግድግዳ ስለማጠፋው አብረው ሲሠሩ የማየት ዕድል አላገኘሁም።

መብራቱ የሚበራውም የሚጠፋውም በአንድ ቁልፍ ነው። ስሄድ የአንዱ በርቶ የሌላው ጠፍቶ ስለቀረ፣ አንዱ ባበራ ቁጥር ሌላው ይጨልማል። ሁለት ሰዎች በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ ሳይተያዩ፣ ለሳምንት ተዋግተዋል። እሳቸው ፋኑን ሦስት ላይ ሲያደርጉ የእሷ ደረሰኝ ይበተናል። እሷ በንዴት ስታጠፋው እሳቸው ያልባቸዋል። እኔ መሐል ገብቼ ካፓሲተር እቀይራለሁ።

ለሥራ አስኪያጁ "የኮድ መደራረብ ነው" አልኳቸው። ይህም እንደ ካፓሲተር ክብደት ያለው ቃል ነው። የካፓሲተሩን ሒሳብ መለስኩላቸው፤ እሳቸው ባይጠይቁኝም ጋሼ ኮሪደሩ ላይ እንደቆሙ አውቃለሁ።

ከዚያ ብሬከር አወረድኩ፣ ክዳኖቹን እንደገና ፈታሁ፣ ጥርሶቹን በቀጭን ካቻቢቴ ለየብቻ ሰደርኳቸው። የሒሳብ ሠራተኛዋን ሪሞት ስከፍት አጠገቤ ቆማ ታያለች።

"እና የእሳቸው አሁን እንዴት ሆነ?" አለችኝ።

"አንደኛውና ሦስተኛው ላይ፣ የቀሩት ታች" አልኳት። ምን ነካኝ አትበሉኝ። ጥፋቴን ለመካስ ይሁን እንጃ፣ የጠየቀችኝን ሁሉ እመልስ ነበር።

"በእስክሪብቶ ጫፍም ይነቃነቃል?"

"ይነቃነቃል።"

"እሺ" አለች፤ ሪሞቷን ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

አሁን ፋን ስሠራ መጀመሪያ የማየው ጥርሶቹን ነው። ወረቀቱን ግን አሁንም አላነብም። ጋሼ ታሪኩን ለጥበቃው፣ ለጽዳቷ፣ አንድ ቀን ደግሞ ከሌላ ሥራ ይዤው ለመጣሁት ረዳቴ ነግረውታል። ልጁ መሰላል ሥር ሲቆም አሁን "ካፓሲተሩ ይሆን?" ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ደወሉ። ድምፃቸው ተመልሷል፣ "ወንድሜ" አሉኝ። ሁሉም ደህና ነው፣ መብራቱ ደህና ነው። ፋኑ ብቻ ረዘም ያለ ስብሰባ ክፍላቸው ውስጥ ሲይዙ፣ የምሳ ሰዓት ሲቃረብ፣ ቀጥ ይላል። ሙቀቱ ሲበረታ እንግዶቹ ተነሥተው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ሲሞክሩት ይሠራል።

"ካፓሲተሩ ይሆን እንዴ?" አሉኝ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ምሳ የምትወጣው ስብሰባው ሲያልቅ መሆኑን አውቃለሁ።

"ሊሆን ይችላል" አልኳቸው። "መጥቼ አየዋለሁ።"

እስካሁን አልሄድኩም።