አራት ወር የፈጀችብኝ ዲ ሻርፕ

ቅዳሜ ዕለት የጣሊያናዊውን አቀናባሪ የኮሬሊን ስምንተኛ ሶናታ የመጀመሪያ ክፍል ሳንቆም ጨረስነው። እኔ በቫዮሊን፣ ጓደኛዬ በቼሎ። ደስታው እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

ሶናታዋ እ.ኤ.አ. በ1700 ሮም ላይ ከታተመው ኦፐስ 5 ከተባለው የሥራዎቹ ስብስብ ውስጥ ናት። ስብስቡ 12 ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 6 የቤተ ክርስቲያን ሶናታ ይባላሉ። ቀጥለው የሚመጡት 5 የቻምበር ሶናታዎች ናቸው፤ አብዛኛው ክፍላቸው ከጭፈራ ስልት የተወሰደ ነው። የእኔዋ በኢ ማይነር ናት፤ ክፍሎቿም፦ ፕሬሉዲዮ፣ አለማንዳ፣ ሳራባንዳ፣ ጂጋ። ኮሬሊ በአብዛኛው ከሦስተኛ ፖዚሽን (እጅ በቫዮሊኑ አንገት ላይ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች ሦስተኛው) በላይ ስለማይወጣ ጣት ብዙም አይጨነቅም። የፕሬሉዲዮውን ኖታ በሁለት ሳምንት ያዝኩት።

ያሰቃየችኝ ዲ ሻርፕ ናት፤ ከዲ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለችው ኖታ። ብቻዬን ስለማመድ ልክ ነበረች። የድምፁን ልክ የሚያሳየኝ መሣሪያ፣ ቲዩነሩም፣ አረንጓዴ ያበራልኛል። ከቼሎው ጋር ስንገናኝ ግን ትጎመዝዛለች። ከመጀመሪያ ጀምሮ የተማርኩት ዲ ሻርፕ ወደ ኢ ልትገባ የደረሰች ድምፅ ስለሆነች ጣቴን ወደ ላይ ጠጋ እንዳደርግ ነው። ስለዚህ ይበልጥ ከፍ አደረግኳት። ባሰ። አራት ወር ሙሉ ጥፋቱ የጣቴ ነው ብዬ ያንኑ መስመር ስደጋግም ከረምኩ።

መልሱ እዚያው ኖታው ላይ ነበር። በባሮክ ሙዚቃ፣ ማለትም በኮሬሊ ዘመን ሙዚቃ፣ የባሱ (የታችኛው ድምፅ) መስመር አጠገብ ቁጥሮችና ምልክቶች ይጻፋሉ። ሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ የሚመስል የድሮ መሣሪያ) የሚጫወተው ሰው ኮርዱን፣ ማለትም አብረው የሚሰሙትን ድምፆች፣ የሚያወጣው ከእነሱ ነው። የሃርፕሲኮርዲስት ሥራ ነው ብዬ አንድም ቀን አላነበብኳቸውም ነበር። አንድ ማታ የባሱን መስመር ብቻ እያየሁ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ከቢ ጋር ብቻዋን የቆመች ሻርፕ አየሁ። ትርጉሟ “ከባሱ በላይ ያለውን ሦስተኛ ድምፅ ከፍ አድርግ” ማለት ነው። ከቢ ሦስተኛዋ ዲ ሻርፕ ናት! ለካ የእኔዋ ድምፅ የኮርዱ ሜጀር ሦስተኛ ኖራለች።

ቲዩነሩ የሚለካው እንደ ፒያኖ ነው። የፒያኖ ሜጀር ሦስተኛ ደግሞ ሳይርገበገብ ከሚገጥመው ከንጹሑ በ14 ሴንት ገደማ ይሰፋል፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። እኔ በዚያ ላይ ጨምሬ ከፍ አድርጌያት ነበር። ጓደኛዬን ቢን በረጅሙ እንዲይዝልኝ ለመንኩት። ጣቴን ቀስ እያልኩ ዝቅ አደረግኩ። መጀመሪያ ሁለቱ ድምፆች ይርገበገቡ ነበር። ከዚያ መርገብገቡ እየዘገየ መጣና ጸጥ አለ። ሁለታችንም ደጋናችንን ሳናነሳ ተያየን።

ከዚህ በኋላ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ ለባሮክ ቲዩነሩን አራቱን ክሮች ቃኙበትና አጥፉት። በፒያኖ የተቀዳ ማጀቢያም አትጠቀሙ፤ ያንኑ ሰፊ ሦስተኛ ጆሯችሁ ውስጥ ይተክላል። የቼሎ ጓደኛ ከሌላችሁ የባሱን መስመር ራሳችሁ ዘምራችሁ ስልክ ላይ ቅዱትና በላዩ ተጫወቱ። ድምፃችሁ ባያምርም ይሠራል፤ የእኔም አያምርም። ዜማው ባስ በሌለበት፣ ብቻውን በሚሮጥበት ቦታ ግን አሁንም ዲ ሻርፕን ከፍ አደርጋታለሁ። እዚያ ያምራል።

ስለ ጌጥ፣ ዜማውን ለማሳመር ስለሚጨመሩት ድምፆች፣ ግን ከእኔ ምክር አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ1710 አምስተርዳም የወጣው እትም የዝግ ያሉትን ክፍሎች ጌጥ “ኮሬሊ ራሱ እንደሚጫወተው” ብሎ ጽፏል፤ ግን ለመጀመሪያዎቹ 6 ሶናታዎች ብቻ። ስምንተኛዋ የላትም። ከሌሎቹ ቀድቼ ሳራባንዳው ላይ ለመለጠፍ ሞክሬ ነበር። ዜማውን ስላፈነው ተውኩት። ጂጋውንም ገና በግማሽ ፍጥነት ነው የምጫወተው፤ ለሳምንታት ስሸሸው ቆይቻለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ ሳራባንዳውን እንይዛለን። የባሱን ምልክቶች በእርሳስ አክብቤ ጨርሻለሁ፤ ሻርፕ ያለበትን ሁሉ በቀይ።