ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ፦ ጉርሻው፣ ጾሙና ቡናው

ስሊቭ የሚባለውን፣ ጨጓራን አሳንሶ ክብደት የሚቀንሰውን ቀዶ ጥገና ከተሠራሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለመሠራት የምታስቡም፣ ተሠርታችሁ ማዕድ ላይ ግራ የገባችሁም ስላላችሁ እስካሁን ያለሁበትን ልጻፍላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስለ ኢንሹራንስ የማወራው የአሜሪካውን ነው። ስለ ሆዳችን የምለው ግን አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ ላለ ሐበሻ የሚሆን ይመስለኛል።

ስጀምር 118 ኪሎ ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62። ይህ ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያነጻጽረው ቢኤምአይ በሚባለው ስሌት 45 ይመጣል። ስኳር ነበረብኝ፣ ግፊት ነበረብኝ፣ ሌሊት ትንፋሼ እየተቋረጠ ሲፓፕ በሚባል አየር በሚገፋ ማሽን ነበር የምተኛው። በ1991 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ቀዶ ጥገናውን የሚፈቅደው ቢኤምአያቸው 40 ለሞላ፣ ወይም 35 ሆኖ ተጓዳኝ በሽታ ላለባቸው ነበር። በ2022 የሙያ ማኅበራቱ አሻሽለውት፣ 35 ከሞላ በሽታ ባይኖርም ይመከራል ብለዋል። እኔ በየትኛውም ብትለኩኝ አልፋለሁ።

«መርፌውን ለምን አልሞከርሽም?» ለምትሉኝ፣ ኢንሹራንሴ ለክብደት መቀነሻ መርፌ አልከፍልም አለ። ለቀዶ ጥገናው ግን ከፈለ። ነገሩ ይኸው ነው።

ስሊቭ ማለት ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶውን ቆርጦ ማውጣት ነው። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። የተቆረጠው ተመልሶ አይቀጠልም፤ ስለዚህ አስቡበት። የሚሠራው ቦታውን በማጥበብ ብቻ አይደለም። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመረተው በሚወጣው ክፍል ስለሆነ ረሃቡ ራሱ ይቀንሳል። ሌላው አማራጭ ባይፓስ ነው፤ ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በሌላ መንገድ ያገናኘዋል። ቃር የሚያሠቃያችሁ ካላችሁ ሐኪሙን በደንብ ጠይቁ። ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ይችላልና ብዙ ጊዜ ወደ ባይፓስ ነው የሚመሩት።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ያለው ጣጣ ለብቻው ታሪክ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ የሥነ ልቦና ግምገማ፣ የልብ ምርመራ፣ የእንቅልፍ ምርመራ፣ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት)። ኢንዶስኮፒው ላይ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ። ከአገር ቤት ይዘነው የምንመጣ ብዙ ነን። መጀመሪያ በአንቲባዮቲክ ታከምኩ፣ ከዚያ መጥፋቱ ተረጋገጠ፣ ከዚያ ነው ቀጠሮ የተያዘልኝ። ስለዚህ ቀድማችሁ ብትመረመሩ ጊዜ ታተርፋላችሁ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ የፕሮቲን ሼክ ናቸው። እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ስኳር የለም። ይህን የሚያደርጉት እኛን ለማሠቃየት አይደለም። ጉበት ጨጓራው ላይ ተደርቦ ነው ያለው። ስብ የያዘ ጉበት አብጦ ሐኪሙን መንገድ ይዘጋበታል፤ በሁለት ሳምንት ምግብ ግን ይሟሽሻል።

እማዬ ደሴ ናት። በስልክ ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ «ደግሞ ጤነኛ ሆድ ይቀደዳል እንዴ?» አለችኝ። ብዙ አስረዳኋት። አልገባትም። «ብቻ ጸበል ጠጪበት» ብላ ተስማማች።

ስለ ቀዶ ጥገናው ቀን ብዙ የምለው የለኝም። በማደንዘዣ ተኝቼ ነበር። አምስት ትንንሽ ቀዳዳ ነው ሆዴ ላይ ያለው። ቁስሉን ፈርቼ ነበር፤ ያመመኝ ግን ትከሻዬ ነው! ሆድን ለመንፋት የሚያስገቡት ጋዝ ነው ትከሻ ላይ የሚሰማው፣ መራመድ ያቀልለዋል። በዚያው ቀን አስነስተው ኮሪደሩ ላይ አስኬዱኝ፤ ደም እግር ላይ እንዳይረጋ ነው። ቤት ስትገቡ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የሚብስ የሆድ ሕመም ካያችሁ «ይለፈኝ እስኪ» አትበሉ፣ ደውሉ። የተሰፋው ቦታ ማፍሰስ እምብዛም አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን ቀልድ አይደለም። ሥራዬ አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ ስለሆነ ሰው ማንሳት አለበት። ከ10 ፓውንድ (4.5 ኪሎ ያህል) በላይ እንዳላነሳ ስለተከለከልኩ ከአንድ ወር በላይ ሥራ አልገባሁም። የጉልበት ሥራ ያላችሁ ይህን ከአሠሪያችሁ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራዬ ውሃ መጠጣት ነበር። የመድኃኒት መለኪያ ኩባያ ታውቃላችሁ፣ 30 ሚሊ የምትይዘው? በእሷ ነው። ጉንጭ አድርጎ መዋጥ የለም፤ ትንሽ፣ ቆም፣ ትንሽ። ከዚያ አጥሚት የመሰለ ቀጭን ነገር፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ። የተፈጨው ደረጃ ላይ የሰጡኝ ወረቀት የሚያወራው ስለ እርጎ፣ ስለ ቱና፣ ስለ አይብ ነው። እኔ ግን ሽሮዬን ዘይት ቀንሼ፣ በርበሬ ትቼ አቀጠንኩና በሻይ ማንኪያ በላሁ። ለሥነ ምግብ ባለሙያዋ ከምን እንደሚሠራ ነገርኳት። ሽምብራና ባቄላ ስላት በጣም ደስ አላት።

እንጀራ ቆይቶ ነው የመጣው። እንደ ዳቦ እርስ በርሱ ተጣብቆ መውረጃውን ሊዘጋ ይችላል። አሁን የምበላው መዳፌን የማያክል ቁራጭ ነው፣ እሱንም በመጨረሻ። መጀመሪያ ሥጋው ወይም ዕንቁላሉ ወይም ምስሩ፣ ቀጥሎ ጎመኑ፣ ቦታ ከተረፈ እንጀራው። በእኛ ማዕድ ይህ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወጡን እኮ የምናነሳው በእንጀራው ነው። ስለዚህ ማንኪያ እይዛለሁ። ሰው ያያል። ይይ።

ወደ ጉርሻ ልምጣ፣ ዋናው ፈተና እሱ ነው። የሆነ ክርስትና ላይ አክስቴ ዱለት የተጠቀለለበት፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» አልኳት። «በሞቴ!» አለች። በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ጎረስኩ። ቀስ ብዬ ለማላመጥ ሞከርኩ፣ ሰው ደግሞ ያወራኛል። ሲወርድ ደረቴ መሀል ቆመ። ወዲያው አፌ በምራቅ ሞላ፣ ቀጭን አረፋ የመሰለ ነገር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ እስኪመለስ ድረስ መቆም ነበረብኝ። ስወጣ አክስቴ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን አዘጋጅታ ቆማለች።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ አለኝ። እኔው ቀድሜ አጎርሳለሁ። አጉራሽ ሰው በእጁ ሥራ ስላለው ማንም አይይዘውም። ታላላቆች ሊያጎርሱኝ ሲመጡ እጃቸውን ይዤ ቆንጥሬ እወስዳለሁ፣ ጉልበታቸውን ስሜ የቀረውን ለልጅ አቀብላለሁ። ክብሩ አልጎደለም፣ ምግቡም አልባከነም። ዘመድ ሁሉ ማወቅ የለበትም የምትሉ አላችሁ፣ ልክ ናችሁ። እኔ ግን ቢያንስ ድግስ ላይ አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ሰው እንድታውቅ አደርጋለሁ።

ቡና። የመጀመሪያውን ወር ከለከሉኝ። አሁን አቦሉን እጠጣለሁ፣ ያለ ስኳር፤ ቶናና በረካ ላይ ወሬ ብቻ ነው ያለኝ። ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ ቡና የብረት ንጥረ ነገር ከሆድ መመጠጡን ይቀንሳል። የብረት ኪኒኔን ከቡናውም ከካልሲየሙም አርቄ ነው የምወስደው፣ ከካልሲየሙ ቢያንስ በሁለት ሰዓት። ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ መልቲቫይታሚን፣ ካልሲየም ሲትሬት፦ እነዚህ ለዕድሜ ልክ ናቸው። «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም የለም። ምግብ ላይ ደግሞ ውሃ አይጠጣም፤ ከበላሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌንም ከቤቴ ወጥቷል፣ ጨጓራ ያቆስላልና።

ስለ ጾም የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ያለፈው ዐቢይ ጾም የገባው ገና በማገግምበት ጊዜ ነበር። የንስሐ አባቴን አማከርኩ፣ ከምግቡ ነፃ አድርገው በጸሎትና በስግደት እንድይዘው ነገሩኝ፤ ስግደቱንም ቁስሉ ሲድን። ከዚያ በኋላ ረቡዕና ዓርብን ጀመርኩ። ችግሩ ፕሮቲን ነው። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው የሚጠበቅብኝ። አንድ ስኒ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው፣ እኔ ግን አንድ ስኒ ሙሉ በአንዴ አይገባልኝም። ስለዚህ በጾም ቀን የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት እጨምራለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀመስ መዋሉን ግን ሐኪሜ አልፈቀደልኝም፤ ያመለጠውን ውሃ ማታ በአንዴ መተካት አይቻልማ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም።

ፀጉሬ ሦስተኛው ወር አካባቢ መርገፍ ጀመረ። ቀድማ ያየችው ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅ ናት። ግንባሬ ላይ ስትጀምር እጇ ቆመ፣ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሚመጣ ነው፣ ለብዙ ሰው በወራት ውስጥ ይመለሳል። አሁን ግንባሬ ዳር አጫጭር ፀጉር ቆሟል፣ አልተኛ ብሎኛል።

ሰው የሚለውም አለ። እዚህ ስሠራ አብረውኝ የሚውሉ አሜሪካውያን «ጎበዝ!» ይሉኛል። የእኛ ሰው «ተጎዳሽ! ወዝሽ የት ሄደ?» ይላል። በእኛ ዘንድ መክሳት የበሽታ ወሬ ያስነሳል፣ ደልደል ማለት የምቾት ምልክት ነው። መጀመሪያ ቆሜ አስረዳ ነበር። አሁን «ስኳሬን እየተቆጣጠርኩ ነው» እላለሁ፣ ስኳር የሌለበት ቤተሰብ ስለሌለ ወሬው ወዲያው ወደ እነሱ ስኳር ይዞራል።

ቁጥሩን ለምትፈልጉ፦ አሁን 84 ኪሎ ነኝ። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ ከ8.4 ወደ 5.8 ወርዷል። የስኳር ኪኒኔን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ሐኪሜ አስቁሞኛል፤ ሊመለስ ስለሚችል መመርመሬን ቀጥያለሁ። የግፊት ኪኒን ግማሽ ሆኗል። ሲፓፑ ግን አሁንም አለ፣ የእንቅልፍ ምርመራው ሳይደገም አይወሰድም አሉኝ። ላለፉት ሁለት ወራት ሚዛኑ አልነቃነቅ ብሏል፤ በዚህ ደረጃ የሚጠበቅ ነው ብላኛለች ባለሙያዋ። የሆዴና የክንዴ ቆዳ ተንጠልጥሏል። እሱን ማስወገድ እንደ ውበት ስለሚቆጠር ኢንሹራንሱ ለመክፈል ሽፍታ፣ ቁስለት፣ ፎቶ፣ የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል። ማስረጃውን ከአሁኑ እየሰበሰብኩ ነው። የዓመቱ የደም ምርመራ በሚቀጥለው ወር ነው፤ የብረት ክምችቴ ባለፈው ዝቅ ብሎ ስለነበር የማየው በዋናነት እሱን ነው።