«ጅቡን በአንበሳ ቀይሩት»

የዱር እንስሳ ያለበት የካርቱን ሲትኮም ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ መሣል ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔን አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

የሠራነው ክፍል የ11 ደቂቃ ነው። እንጦጦ ሥር የሚኖር ቤተሰብ አለ። ትንሹ ልጅ ከጫካው ጥግ ጥቁር ቡችላ አግኝቶ ጃኬቱ ውስጥ ሸሽጎ ያመጣል። ቡችላ የመሰለው የጅብ ግልገል ነው። ማታ እናት ጅቧ ልጇን ፍለጋ ትመጣለች። ቤቱን የምታዘው አያትየዋ ናት፤ የጅብ መንጋም በሴቶቹ ነው የሚመራው። ሁለቱ በር ላይ ይፋጠጣሉ።

ስክሪፕት ጻፍን፣ ስቶሪቦርድ (ትዕይንቶቹን በተከታታይ ሥዕል የሚያሳይ ረቂቅ) ሣልን፣ ድምፅ ቀዳን። የድምፅ ባለሙያዎች «ተዋናዮቹን ለየብቻ ቅዱ፣ ጥራት ይኖረዋል» ይሏችኋል። አትስሟቸው። ቤተሰብ አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቀ ነው የሚያወራው። ሁሉንም አንድ ክፍል አስገቧቸው።

የጅቧ አካሄድ ትንሽ አስቸግሮን ነበር። የፊት እግሯ ከኋላው ይረዝማል፣ ጀርባዋ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። በውሻ አካሄድ ስናስኬዳት ጅብ አልሆን አለች። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ሲባል የኖረው ወዶ አይደለም። ሐረር ላይ ማታ ማታ ጅብ ሲመገብ የተቀረጹ ቪዲዮዎችን ደጋግመን አይተን ነው የተስተካከለችው። በዚያ አካሄድ ዛሬም እኮራለሁ።

አሁን ወደ ገምጋሚ ኮሚቴው ልምጣ።

ፊልሙን ሊያሳይ የተስማማው የቴሌቪዥን ጣቢያ መመሪያ አለው፦ መጀመሪያ ስክሪፕቱን አስገቡ፣ ከዚያ ያለቀውን ፊልም አምጡ። እንደተባልነው አደረግን። ስክሪፕቱን አስገብተን «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» ተባልን። በቃል። ጅብ የሚለው ስም ገጹን ሁሉ ሞልቶታል። አንድም ሰው አልተቃወመም።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ገምጋሚዎቹ ተሰብስበው አዩት። ሳቁም። ከዚያ ሰብሳቢው «የኔ ልጅ፣ ሥራችሁ ግሩም ነው። ጅቡን ግን በአንበሳ ቀይሩት» አሉኝ።

ምክንያት ጠየቅኩ። ጅብ ከቡዳ ጋር ስለሚያያዝ ወላጆች ይቆጣሉ ተባለ። አንበሳ የአገር ኩራት ነው ተባለ። ልጆች ይፈራሉም ተባለ። በአያ ጅቦ ተረት ያደጉ፣ እንጦጦ ሥር የጅብ ጩኸት እየሰሙ የሚተኙ ልጆች ናቸው ይፈራሉ የተባሉት!

«ጋሼ፣ ታሪኩ እኮ ይፈርሳል» አልኩ። የጅብ ግልገል ሲወለድ ጥቁር ነው፤ ዓይኑ የተገለጠ፣ ጥርሱም የበቀለ። ነጠብጣቡ የሚታየው ከፍ ሲል ነው። ልጁ ቡችላ ያገኘ የመሰለውም ለዚህ ነው። የአንበሳ ደቦል አይቶ ቡችላ ነው የሚል ልጅ ከየት ይመጣል? አያትና እናት ጅብ በር ላይ የሚገናኙበትስ ምን ሊሆን ነው? አንዱ ገምጋሚ አቋረጠኝ፦ «ኮምፒዩተር ላይ አይደል የምትሠሩት? ቀለሙን ለውጡት።»

ይህ አነጋገር እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ቋሚ ምስል አለው። እኛ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለምንጠቀም በሰከንድ 12 ሥዕል፣ በደቂቃ 720 ሥዕል ማለት ነው። ጅቧና ግልገሏ ደግሞ ከፊልሙ ግማሽ በላይ አሉ። የአንበሳ ጀርባ ሌላ፣ አንገቱ ሌላ፣ እርምጃው ሌላ ነው። ቀለም በመቀባት ጅብ አንበሳ አይሆንም። ሌሊት እንቅልፍ አጥተው የሣሉ ልጆች አጠገቤ ተቀምጠው ይህን ሰሙ።

ውሳኔውን በጽሑፍ ስጡኝ ስል «ኮሚቴው አስተያየቱን በቃል ነው የሚሰጠው» ተባልኩ። «ቀጥሉ» ያለንን ሰው ስፈልግ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። እሱም ስለ ጉዳዩ መናገር እንደማይችል ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ «ነገ ተመለሺ» ሆነ።

አልቀየርንም። ጣቢያው ተወው፣ እኛም ዩቲዩብ ላይ ለቀቅነው። የሣዮቹን ቀሪ ክፍያ ከቁጠባዬ አውጥቼ ከፈልኩ። በገንዘቡ አዝናለሁ፣ በጅቧ ግን አላዝንም።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ ስክሪፕት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ስክሪፕት ላይ «ጅብ» ብሎ የሚያነብ ሰው በዓይኑ ጅብ አያይም። የእንስሳውን ሥዕል ከነቀለሙ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ አድርጋችሁ ውሰዱ። ከድምፁ ጋር የተገጣጠመውን አኒማቲክም (የስቶሪቦርዱ ሥዕሎች ተራ በተራ የሚታዩበትን ረቂቅ ቪዲዮ) አሳዩአቸው፤ ገና ረቂቅ ነው ብላችሁ አትፈሩ። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ አስፈርሙ። «አያስፈልግም፣ እንተማመናለን» የሚላችሁ ካለ ሥራውን እዚያው አቁሙ።

የሚቀጥለው ክፍል ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ሳይቀር የሚታይ ሥዕል ለሌላ ጣቢያ አስገብቻለሁ። ፊርማው እስኪመጣ ሣዮቹ ሌላ ሥራ ላይ ናቸው።