ምኞቱ ሳይጠፋ የመጣልኝ መልስ

ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፈው። በተለይ «ጸለይኩ፣ ጾምኩ፣ ግን አልለቀቀኝም» እያላችሁ ለብቻችሁ ለምታለቅሱ ወገኖቼ።

ሥራዬ ጣና ላይ ጀልባ መንዳት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ አልፎ አልፎም እስከ ደቅ እንግዳ አደርሳለሁ። ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ይረጋጋል፤ ከሰዓት ግን ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ስለሚበረታ ሥራችን አብዛኛውን ጊዜ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል። መጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎ በጦርነቱ ቱሪስት ሲጠፋ ደግሞ ጀልባ አስሮ መዋል ሆነ። ጫት ሕይወቴን የያዘው በዚያ ሥራ ፈት ሰዓት ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ በመስኖ ስለሚለማ ትኩሱ በየመንደሩ አለ። ዋናው ነገርም ትኩስነቱ ነው፤ ካቲኖን የሚባለው የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ ሁለት ቀን ገደማ ሲሞላው ይዳከማል። በኮባ ተጠቅልሎ የሚሸጠው፣ ሰውም በየቀኑ የሚገዛው ለዚህ ነው። ነገ የሚቆይ ነገር ስላልሆነ ዕለት ዕለት ደጁ ያስጠናል።

ከበርጫው ቀጥሎ ጨብሲ አለ። ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል፤ ከመጠጡ በኋላ እግር ወዴት እንደሚያመራ ያለፈበት ያውቀዋል። ባለቤቴ ይቅር ብላ የዘጋችውን እኔ እዚህ አልከፍተውም። እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ጋር እቆም ነበር፤ እጄን አንሥቼ ስዘምር የማለቅሰው እንባ ግን የውሸት አልነበረም። ጌታን እወደው ነበር። ምኞቴንም እከተለው ነበር።

ጸሎቴ አንድ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ምኞት ከውስጤ ንቀልልኝ።» ጾም ጸሎት ከተባለ አልቀርም። ነጻ የሚያወጣ አገልጋይ መጥቷል ሲባል ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ። «ውጣ!» ተብሎ ተጸልዮልኛል፣ እጅ ተጭኖብኛል። በማግስቱ ምሳ ስበላ ሐራራው ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ማዛጋት፣ ዓይን ማልቀስ፣ ሰው ማየት መጥላት። በአንድ ሌሊት ነጻ የወጡ ሰዎችን በዓይኔ ስላየሁ ያንን አገልግሎት አላቃልልም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን ግን በሌላ መንገድ ነው የያዘኝ።

ሽምብጥ አካባቢ የቤት ለቤት ኅብረት አለን። እዚያ የሚጸልዩ አንዲት እናት፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ አንድ ቀን ሁሉም ከሄደ በኋላ አስቀሩኝና «ልጄ፣ ጠዋት ከጸለይክ በኋላ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ብሩን እከፋፍላለሁ፤ ይህ ለነዳጅ፣ ይህ ለቤት። እትዬ የሸሚዜን የደረት ኪስ በጣታቸው ነካ አደረጉና «ይህስ?» አሉ። እዚያ ሁልጊዜ ለአንድ እስር ጫት የሚበቃ ብር ታጥፎ ይቀመጥ ነበር። እንዴት እንዳወቁ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።

«አሃ! ጌታ ያባርርልኝ እያልክ ቀለቡን የምታስቀምጥለት አንተው ነህ?» አሉና ሮሜ 13፥14ን አስነበቡኝ፦ «ጌታን ኢየሱስ ክርስቶስን ልበሱት፤ ምኞቱንም እንዲፈጽም ለሥጋ አታስቡ።» ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ያን ዕለት ግን ኪሴ ውስጥ ገባ። በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መሪያችን የሰሜን አፍሪካው የጥንት የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ386 ሚላን ውስጥ ሕይወቱ የተለወጠው ይህንኑ ክፍል አንብቦ እንደሆነ ነገረን። እሱም ንጽሕናን እየፈለገ ለነገ ሲያሳድር የኖረ ሰው ነበር። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ሳውቅ እንዴት እንደተጽናናሁ!

ከእትዬ ጋር ገላትያ 5ን ደጋግመን አነበብነው። ቁጥር 17 ሥጋና መንፈስ እርስ በርሳቸው ይቀዋወማሉ ይላል፤ ቁጥር 24 ደግሞ የክርስቶስ የሆኑት ሥጋን ከምኞቱ ጋር ሰቀሉ ይላል። እኔ ለካ ሥጋዬን እንደ ጋኔን ውጣ ስለው ነው የኖርኩት። ጋኔን ይወጣል፤ ሥጋ ግን ይሰቀላል፤ የተሰቀለ ደግሞ ወዲያው አይሞትም፣ እየተንፈራገጠ ይቆያል። እትዬ «መታገሉማ መንፈስ ቅዱስ በውስጥህ ስላለ ነው፤ እሱ ባይኖር ማን ይታገልልህ ነበር?» ሲሉኝ ያ እግዚአብሔር ትቶኛል የሚለው ሐሳብ ተሰበረ።

በማግስቱ የደረት ኪሴን ብር ለባለቤቴ ሰጠኋት። ጫት ወደምታስቀምጥልኝ ደንበኛዬም ሄጄ «ከዛሬ ጀምሮ አታስቀምጪልኝ» አልኳት። ገበያዋን እያጣች «እግዜር ይርዳህ ወንድሜ» አለችኝ። ጌታ ይባርካት።

ከባዱ ሌሊቱ ነበር። ጫት ያቆመ ሰው ዱካክ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጀልባዬ ስትሰጥም አያለሁ፣ ገመዱ እግሬ ላይ ተጠምጥሟል፣ ልጮህ ስል ድምፄ አይወጣም። በላብ ተነክሬ ስነቃ የባለቤቴ እጅ ደረቴ ላይ ነው፤ መብራት ስለሌለ በስልኳ ብርሃን መዝሙር 91ን ታነብልኛለች። የበደልኳት ሴት! ዱካክን ሁሉ ሰይጣን ነው የሚሉ አሉ፤ የጤና ባለሙያ ግን ሰውነት የለመደውን ሲያጣ የሚመጣ እንደሆነ አስረድቶኛል። ለእኔ ሁለቱም ቢሆን መድኃኒቱ ያው ነበር፤ ተነሥተን እንጸልያለን፣ ውኃ እጠጣለሁ፣ እንተኛለን።

ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ደግሞ ለጸሎት ለየሁት። በ2016 ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በእግረኛው መንገድ ወዲያና ወዲህ እያልኩ በለሆሳስ እጸልያለሁ። አንድ ቀን የበርጫ ጓደኛዬ ባጃጅ አስቁሞ «ና እንጂ፣ ለዛሬ ብቻ! እኔ ነኝ ጋባዡ» አለኝ። ኮባው ጭኑ ላይ ነው፤ የቅጠሉ ሽታ አፌን በምራቅ ሞላው። ምኞቱ አልጠፋም ነበር፤ እንዲያውም እንደዚያን ቀን በርትቶብኝ አያውቅም። «መንፈስ ቅዱስ፣ እርዳኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ከዚያ በሰላም፣ ያለ ቁጣ፣ «ወንድሜ፣ ትቻለሁ» አልኩትና መንገዴን ቀጠልኩ። ያን ያህል ዓመት የለመንኩት መልስ እዚያ ድልድይ ላይ ነው የተሰጠኝ። እኔ ምኞት የሌለበት ልብ ነበር የጠየቅኩት፤ እሱ ምኞቱ እየጮኸ እንቢ ማለት የሚችል ልብ ሰጠኝ። ራስን መግዛት የመንፈስ ፍሬ ነው ሲባል የኔ ጉልበት አለመሆኑን በሥጋዬ አውቄዋለሁ።

አሁን ሐራራው ቀንሷል፤ እንቅልፌ ተመልሷል፤ ጫትና መጠጥ ይበላው የነበረው ብር የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኗል። ከሰዓት ሲያዛጋኝ ግን ዛሬም ተነሥቼ እሄዳለሁ። ያ ባጃጁን ያስቆመው ጓደኛዬም ከእኔ ጋር መሄድ ጀምሮ ነበር፤ ሰሞኑን ተመልሶ ወደ በርጫው ገብቷል። ትናንት ቤቱ ሄጄ ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ እንድንገናኝ ቀጥሬዋለሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ ጌታ ያውቀዋልና እባካችሁ ጸልዩለት።